ባሕር ሸሽ

ሦስት እልልታ ሰማ አባቴ፣ ደጅ ቆሞ፤
ሦስተኛው ጫፉ ላይ ሰለለ፤ ጠበቀ፣ ቢመጣ ደግሞ።
ቤቱ ዝም አለ። ጋጣ ውስጥ አንዱ በሬ ተነፈሰ፤
አባቴም ጣቱን አጥፎ ወደ ሞፈሩ ተመለሰ።

ታላቃችንን ውድነሽ አሏት፣ ቀጣይዋን ጠጅቱ፣
ሦስተኛዋን ለውጤ፤ ልመና ነበር የቤቱ።
እኔን ይብቃኝ።
ይኸው በመታወቂያዬ ላይ ማኅተም አርፎበታል።

ክፋት አልነበረም። የፎገራን መረሬ አውቀዋለሁ፤
ሲርስ እስከ ጉልበቴ ሲውጠኝ አድጌያለሁ፣
በበጋ አፉን ከፍቶ ማረሻ ሲነክስ አይቻለሁ።
እርፍ የሚጨብጥ ልጅ ያጣ ሰው፣ በሬ ቢኖረውም በጋጣው፣
ደብተሩ ነው የእሱ፤ አዝመራው የሌላ ነው ዕጣው።

ወገቡ ሲከዳው ማሳውን ለአያልነህ ሰጠ፣ በእኩል፣
ሦስት ጎረምሳ ላለው።
በጥር፣ አውድማው ላይ እህሉ ሲሰፈር፣
እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር።
የሚሄደውን ጆንያ አልቆጠረችም በኩንታል፤
«ይኼ የመጀመሪያው» አለች፣ «ይኼኛው ተከታዩ ይሆናል»፣
ያልወለደቻቸውን ልጆች በአያልነህ አህያ ስትሸኝ።
እኔ ከጎኗ ነበርኩ። ዞራም አላየችኝ።

ውድነሽ ሐሙሲት፣ ጠጅቱ ወረታ ተዳሩ፤
የሰው ሩዝ ሊያርሙ፣ በሰው ደጅ ሊያድሩ።

ጥቅምት ላይ ግን ጣና ይሸሻል።
ጭቃውን ይተዋል፣ የሚያብረቀርቅ፣ በሬ የማይሸከም።
የአያልነህ መጋላ አንዴ ገብቶ እስከ ሆዱ ሰምጦ
በገመድ ነው የወጣው፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲጎትት ሲደክም።
እዚያ እርፍ የለም።
ጓያ በእጅ ይበተናል፣ ቀለል ባለ እግር።
ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸብ አድርጌ ገባሁ፤
አባቴ ከደረቁ ዳር
ቆሞ እፍኜን ይቆጥር ነበር።
አንድ።
ሁለት።
ሦስት።
አራተኛውን ጠበቀ።
በተንኩት።

የዚያን ዓመት ጓያ ማንም አልተካፈለንም።
አባቴ ስለዚህ ነገር ምንም አላለኝም፤
ማታ ግን እግሬን ስታጠብ
የምቀመጥበትን ዱካ እሱ ነው ያቀረበልኝ።

ባለፈው ሳምንት ለውጤ ወለደች፣ እናቴ ቤት መጥታ፤
ወንድ።
ከማንም ቀድሜ በሩ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ።
ሰባቱንም እልል አልኩ፤
በሰባተኛው እንኳ
ድምፄ አልሰለለም።