ጉዳዩ፦ በሕይወት መኖርን ስለማሳወቅ

እኔ ነኝ የሰረዝኳት በቀይ እስክርቢቶ፣
«ሪፖርቱን ቶሎ ላክ» ሲል ወረዳው ተቆጥቶ።
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወግር፣ ሲደበድብ፣
ስም ከስም ሲጋጭብኝ በኩራዝ ሳነብ።
ሁለት ሰዓዳ እንድሪስ ነበሩን በስም፣
አንዷ ከግራሩ ሥር፣ አንዷ ከጨፌው ግድም።
የጨፌዋ ሞተች፣ አላህ ይማራትና፣
ቀይ መስመሬ ያረፈው በግራሯ ሆነና፣
ከጥር ወዲህ በእግሯ የምትሄደው ቀርታ፣
የተቀበረችው ስንዴ ትወስዳለች በየወሩ መጥታ።

(የምትፈርመው ጣት የማን እንደሆነች አልጠየቅሁም።
እኔም ልጆች አሉኝ።)

በመጋቢት አንድ ጧት ከአምባሰል ጉም ጋር ወርዳ ደጄ ቆመች፣
ደፉን በከዘራዋ ሁለቴ መታች፦
«ጸሐፊ፣ አብሽር፣ አትደንግጥ፣ ጂኒ አይደለሁም፤
ሞተሻል አሉኝ እንጂ ቀብሬን አላየሁም።
ሰው በገዛ ለቅሶው ሳይጠራ ይቀራል?
ሰደቃዬንስ፣ በል፣ ማን በልቶት ያድራል?»

ጻፍኩላት።
«ከላይ ስማቸው የተገለጸው ግለሰብ
እስከ ዛሬ ዕለት ድረስ በሕይወት ያሉ መሆናቸውን…»
ከሥሩ ባዶ ቦታ ተውኩ፣ ለማህተሙ።

ማህተሙ እርሻ ወርዷል።
አበጋዝ፣ ሊቀመንበሩ፣ ከነጋ እያረሰ፣
ማህተሙ ከደረት ኪሱ በላብ እየራሰ።
እርፉን ለቆ መጣ፣ በሬዎቹን ገታ፣
ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ «ሃ» ብሎ መታ።
ክቡም አረፈበት፣ አውራ ጣቱም አብሮ፣
የማሳው ጥቁር ጭቃ ከቀለሙ ተባብሮ።

ሐይቅ ድረስ ሦስት ሰዓት ነው፣ ለእሷ ጉልበት አምስት።
«ማህተሙ አይነበብም፣ እማማ፤ በንጹሕ ይምቱልዎት።»
እሷም፦ «ለሞቴ ጊዜ ማን ማህተም ጠየቀ?
አንድ መስመር በቅቶ ጉዳዩ አለቀ!»

ዓርብ ከስግደት በኋላ ቅሬው ተቀመጠ።
ሼህ ቡሽራ መዝገብ የላቸውም፤
የሞተን የሚያውቁት ባስቆፈሩት ጉድጓድ ነው።
«ሰዓዳ አንዲት ቀብረናል፣ ጨፌ።
ይቺኛዋ የሦስት ወር መዋጮ አለባት» አሉ።
ከሻሿ ጫፍ ፈትታ ሠላሳ ብር ቆጠረች፣
«አልሐምዱሊላህ፣ ባለዕዳ ነኝ ለካ!» ብላ ሳቀች።
ግራሩ ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ።
እኔም ከኋላ ነበርኩ፣ ሳቅሁ።

ማታ መዝገቡን ገለጥኩ።
መመሪያው ግልጽ ነው፦ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ዋጋ የለውም።
ቀዩ መስመር ከ«ሰ» ተነስቶ እስከ «ስ»
እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥሮ አለ።
ኅዳጉ ላይ፣ በጠባቡ፣
«አለች» ብዬ ጻፍኩ።

በእርሳስ።
ተቆጣጣሪ የመጣ እንደሆን በምራቅ እንዲጠፋ።