አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ

ዲሞና ተኝታ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ልጄ ሂላ ትፈትነኛለች፣ ዓይኗ ከእኔ ሳይለይ።
«ሊትመስ በአሲድ ውስጥ?» — «ይቀላል» አልኳት፤
«እንደ ምን?» ስትለኝ፣
የሌሊት ፈረቃ ያቀላውን ዓይኔን አፍጥጬ አሳየኋት።

«ጨው ማለት ምንድን ነው?» — «አሲድና ቤዝ ተጣልተው፣
ሽማግሌ ገብቶ የታረቁበት ነው።»
«አባዬ፣ እንዲህ ብለህ እንዳትጽፍ በፈጣሪ!
ይሄ ሽምግልና ነው እንጂ አይደለም ኬሚስትሪ።»
በዕብራይስጥ ጠይቃ፣ በአማርኛ ትቆጣለች፤
«እንደገና!» ትላለች፣ ገጹን ትገልጣለች።

ፕሮስፐር ጡረታ ወጥቶ ፈረቃው መሪ አጣ፤
ከማስታወቂያው ሰሌዳ አንድ ወረቀት መጣ፦
«የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ፣ መሠረቱ፤
ሃያ ጥያቄ ነው፣ አንድ ሰዓት ነው ሰዓቱ፤
ከስድሳ በታች ያመጣ፣ ወደ አካፋው።»
(የመጨረሻዋን መስመር ፕሮስፐር ነው በቃሉ የጨመረው።)

ሃያ ሁለት ዓመት ፖታሽ ዝቄያለሁ፤
በምላሴ ጫፍ ብቻ ከገበታ ጨው እለየዋለሁ፤
ቀመሩን ግን ማን ጠይቆኝ! የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል፣
ዋርካ ሥር፣ በጠጠር ስደምር፣ በጣቴ ስከፍል።

ሂላ ሳምንቱን ቤቱን ሁሉ በወረቀት ለጠፈችው፤
ኮምጣጤው «አሲድ» ሆነ፣ ሳሙናውም «ቤዝ ነው»፤
ማቀዝቀዣው በር ላይ ሰንጠረዡ ተንጠለጠለ፤
ሚስቴ ወተት ስታወጣ ሂሊየም ወድቆ ከወለሉ ዋለ።
«ቀላል ጋዝ ነው አላልሽም?» ብላት፣ ሂላ አልሳቀችም፤
ፈተና ሲቀርብ ለአባቷም አትስቅም።

ጠዋት አውቶቡሱ ወደ ሰዶም ቁልቁል፣
ጆሮ እየደፈነ ጠመዝማዛውን ሲያቆለቁል፣
የሎጥ ሚስት ዓለቷ በመስኮቴ ስታልፍ፣
ትንፋሼ ባላበው መስታወት ቀመሯን ስጽፍ፣
ጎኔ የተቀመጠው ሰው «ምንድን ነው?» አለ።
«ስሟ ነው» አልኩት። ትንሽ ራቅ አለ።

ፈታኟ ላሪሳ፣ ከካርኮቭ የመጣች፣
መነጽሯን በክር ከአንገቷ ያንጠለጠለች፣
ወረቀት አደለች። እስከ አሥራ ስድስት ደህና ሄድኩ፤
ገሚሱን አውቄ፣ ገሚሱን ገምቼ፣ ቫለንስ ላይ ስደርስ እርሳሱን አኘክኩ።

አሥራ ሰባት፦ «የብረት ኦክሳይድ፣ ቀዩ አፈር፣ ሲነካው እሳት፣
ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲያገኘው ምን ይሆናል? ጻፉ፤ ቁጥሩ አይሳሳት።»

እዚህ ላይ አባቴ፣ ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ፣
ሳያንኳኳ ገባ፣ ጥላሸት እስከ አንገቱ።
ወናፉን አቀበለኝ፣ የፍየል ቆዳውን፣
ሌሊቱን ሲያቃስት የሚያድር፣ ክንዴን የጨረሰውን።
«ትንፋሽ አታቋርጥ! ከሰሉ ከድንጋዩ ላይ ነፍሱን ካልነጠቀ፣
ብረቱ አይወጣም፣ እዚያው ነው የታነቀ።»

ቀን ቀን ማረሻ የሚገዙን፣ የሚከራከሩን ሰዎች፣
ማታ ይሸፍኑ ነበር ከዓይናችን ልጆች፤
«አፈርን ብረት ያደረገ፣ ራሱን ጅብ ማድረግ አያቅተው!»
ይሄው ነበር ማስረጃው።

አሁን ያ ጅብ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ዘመን ቆይቶ፣
በተማሪ ወረቀት ላይ ተገኘ፣ አምስት ነጥብ አውጥቶ።

ጻፍኩት። እጄ ከእኔ ቀድሞ ሮጠ።
ላሪሳ ስታርም ጎንበስ ብላ ቀረች፤
«ከግራ ሁለት ብረት፣ ከቀኝ አንድ ብቻ፤ ሌላው የት ገባ?» አለች።
«ጎረቤት ማረሻ አድርጎ በዱቤ ወሰደው» ብዬ መለስኩላት።
ሳቋ ሳያልቅ ሁለት ነጥብ ቀነሰችብኝ፤ እርሳሷ ቀይ ናት።