ወዝ

ፑንታ አሬናስ ላይ ነፋስ ነው አባወራው፤
ዛፍ እንኳ አጎንብሶ ነው ጎዳና የሚያየው።
በሰኔ በረዶ፣ ቀን እፍኝ በማይሞላበት፣
ልጄ ቸኮለና መጣ ሁለት ወር ሲቀረው ለልደት።

አንድ ኪሎ ከሩብ። እንደ ዳቦ ጉማጅ
ብርጭቆ ውስጥ ተኛ የእኔ የበኩር ልጅ።
«እናት፣ ለጊዜው በዓይንሽ ብቻ» አሉኝ፤
ሁለት ሥራ ፈት እጅ ታቅፌ ቀረሁኝ።

ያኔ ነው እጅሽን ማየት የጀመርኩት፣ ሚርታ፤
ዓይኔ ሌላ ሥራ አልነበረው ለአፍታ።
ካንዱ ሕፃን ወዳንዱ ስታልፊ፣ ስትመለሺ፣
ቧንቧ ትከፍቻለሽ፤ በሳሙና ታሺ፤
ደግሞ አልኮል። ደግሞ ውኃ። ደግሞ የወረቀት ፎጣ።
በአንድ ሌሊት ሰባ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፣ እንቅልፍ ስላልመጣ።

የጣትሽ መጋጠሚያ እንደ በጋ ወንዝ ተሰነጣጥቆ
ደሙ ብቅ ይልና ይመለሳል፣ ሰው እንዳያየው ተጠንቅቆ።
አልኮሉ ሲነካው ትንፋሽሽ ይቆማል፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ከዚያ ይለቀቃል።
አንዴ የልጄ ብርድ ልብስ ክር ጣትሽ ላይ ተይዞ ተመዘዘ፤
አንገትሽን ደፋሽ። ሆዴ ተላወሰ።
«ይሄ ቆዳ መሆኑ ቀርቶ ሞረድ ሆኗል» ብለሽ
ለባልደረባሽ ስትስቂ ሰማሁሽ።

ጲላጦስ አንዴ ታጥቦ «ከደሙ ንጹሕ ነኝ» አለ፤
አንቺ ሰባ ሦስቴ ታጥበሽ፣ ደሙ አንቺው ላይ ዋለ።

አባቴ ዶን ባልዶ በግ ሸላች ነበረ፣
አርባ በጋ ሙሉ ከበረት በረት የዞረ።
ወገቡ አልቀና ብሏል፤ ጉልበቱ ከድቶታል፤
እጁን ብቻ ያየ ሰው ግን ሥራ ፈት ይለዋል፤
የሕፃን መዳፍ ነው፣ የጸሐፊ ጣት።
«ጌቶቹ ሱፉን ወሰዱ» ይላል፣ «ለእኔ የቀረችኝ ወዙ ናት።»

የእጅሽን ነገርኩት። ዝም አለ። ካፖርቱን ደረበ።
ጓዳ ገባ፤ ዕቃ አንኳኳ፤ ማንን እንደሆነ እንጃ ተሳደበ፤
የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ይዞልኝ ወጣ፣
ውስጡ ቢጫ ስብ፣ ሽታው አፍንጫ የሚቀጣ፤
በታኅሣሥ የተሸለተ ሱፍ ቀቅሎ፣
ከላይ የሰፈፈውን ገፍፎ፣ በጨርቅ አጥልሎ።

«ደረቅ እጅ ላይ እንዳትቀባው በያት።
ፎጣውን ጫን ጫን ታድርግ እንጂ አትፈትግበት፤
ርጥበቱ ሳይለቅ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ይበቃታል።
ስትተኛ የጥጥ ካልሲ እጇ ላይ ታጥልቅ፤ ሌላውን ቆዳው ያውቃል።
ከሸተታት ደግሞ፣ በግ ከስንቱ ሰው ይሻላል።»

በፍርሃት ሰጠሁሽ፣ ሊፍቱ በር ጥግ።
አሸተትሽው። ሳቅሽ። «ልጄ ልትለኝ ነው፣ እማዬ፣ ቤታችን ገባ በግ!»

በአራተኛው ሌሊት ነው ያየሁት ለውጡን።
የቀኝ አውራ ጣትሽ ብቻ እምቢ አለ መግጠሙን።
ሌላው ገጠመ። አልኮሉ ሲነካሽ
ትንፋሽ አልቆጠርሽም። እኔ ግን ቆጠርኩልሽ።

በወዙ የሚያድር ሰው፣ ወዙ ሲያልቅ ከየት ይበደራል?
ሳሙና የበላውን፣ ውኃ የወሰደውን ማን ይመልስለታል?
እኔም ከዚያች ወንበር፣ ልጄን ሳልነካ፣
የነካውን እጅ ዳሰስኩ፤ ይበቃ ነበር ለካ።

ዘንድሮ ስድስት ዓመቱ። ሮጦ የማይደክመው፣
ተው ቢሉት የማይተው፣ ነፋሱን የሚቀድመው።
ግን በጋ መጥቶ፣ በረቱ ሱፍ ሱፍ ሲሸት
ካለበት ይቀመጣል፤ ይወስደዋል እንቅልፍ በድንገት።
አባቴ «ሰነፍ!» ይለዋል። እኔም ገና አልነገርኩትም፤
ከእኔ ጡት በፊት ያወቀው ያን ሽታ ነው ብለው አያምንም።

ሚርታ፣ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው።
ቆርቆሮው ሲያልቅ ላኪብኝ፤ የዘንድሮው ሱፍ ወዛም ነው።