ካለፈው የዞረ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት መዝገቡን ይዣለሁ፣
ያቶ ይዘንጋውን ሳንቲም ቆጥሬያለሁ።
ቢሮው ሐይቁ ዳር ነው፣ ከዓሣ ገበያ ጎን፣
መስኮቱን አይዘጋም፣ ሽታው የፈለገ ቢሆን።
«ገንዘቤ የመጣው በዚህ ሽታ ነው» ይላል፣
«አፍንጫውን የያዘ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።»

ታሪኩን ጠይቁኝ፤ በቁጥር ልንገራችሁ፣
በወሬ የሰማችሁትን ለጊዜው ተዉት፣ እባካችሁ፦
በስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ አሥራ አራት ቀረሶ፣
ከሽምብጥ እስከ ጨርቃ ጨርቁ በር በእግሩ ተመላልሶ።
በስልሳ አምስት ሁለት ታንኳ፤ በስልሳ ሰባት አንድ ቤት፤
በዚያው ዓመት፣ በሐምሌ፣ ቤቱ ሆነ የመንግሥት።
ጎረቤቱ ሲያለቅስ እሱ ጥቂት ተንፍሶ፣
«ቤቱን ይውረሱት» አለ፣ «ቤት መሥራቱን ማን ወርሶ?»
ደግሞ ዓሣ አዞረ።

ጥበቡን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከደንገል ነው የቀዳው፤
ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ ያደረበት ሐይቅ ነው የሚጎዳው።
«ሦስት ቀን ካሠራኸው ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አቁመው፤
ብርም እንደዚያው ነው፤ ያላረፈ ብር ነው የሚሰምጠው።»

ከተማው በሙሉ «መሬት፣ መሬት» ሲል፣
ደላላ እንደ እንቁራሪት በየጥጉ ሲጮህ ሲውል፣
የገዛ ወንድሜ «ያበድሩኝ» ብሎ ቢመጣ፣
ፊቱን አየና ሻይ አዘዘለት፤ ብር ግን አላወጣ።
«ልጄ፣ ሁሉ ሲቀዝፍ ሞገዱ ከሰው ነው፤
ሐይቁ ጸጥ ሲል ና፤ ዓሣው ያኔም እዚያው ነው።»
ወንድሜ ተቀይሞ ከሌላ ተበደረ፤
ሁለት ክረምት ሳይሞላው፣ ባጃጁ በሐራጅ ሲሸጥ እያየ ቀረ።
እኔም ሳምንት ሙሉ ይዘንጋውን ሰላም አላልኩም፤
ደመወዜን ግን ወሰድኩ። ይህን አልደብቅም።

ደግ ነበር አልልም። በእምቦጭ ዓመት፣ መረብ ባዶ ሲወጣ፣
ወለድ አልቀነሰም፤ ጊዜ ግን ሰጠ፣ ለመጣ ላልመጣ።
«ወለድ ብቀንስለት ናቅሁት ማለት ነው» ይል ነበር፤
አልገባኝም፤ እንደ ሰማሁት ልመስክር።
ሰዎች ያሙት ነበር፦ «ልጅ ባይወልድ ወለድ ወለደለት»፤
ሰምቶ ይስቃል። አንዴ ብቻ ዓይኑ ሲርስ አየሁበት።
«ብድር» አለኝ ያን ቀን፣ «ከበደል አጠገብ ይውላል፤
እጅሽ እንዳይስት፣ ጸሐፊ፤ ሰው በቀለምም ይገደላል።»

አንድ ነገር ቀረኝ።
በየዓመቱ፣ አዲስ መዝገብ ሲከፈት፣
የመጀመሪያዋን መስመር ራሱ ነው የሚጽፍበት፦
«ሙሄ አወል። ሃምሳ ሳንቲም። ካለፈው የዞረ።»
ከሚከፈል ረድፍ፣ ከዕዳ፤ ሳይጨመር ሳይሰረዝ ኖረ።
እጠይቃለሁ፣ «ይዘጋ?» እሱ «ይቆይ» ይላል፤
አክሲዮኑ ሚሊዮን ያወጣል፤ ሃምሳ ሳንቲም እንዴት ያቅታል?

ሲታመም ነው የነገረኝ፣ ፈለገ ሕይወት አልጋ ላይ፣
እንደ ደንገል ሳስቶ፣ ፊቱን አዙሮ ወደ ፀሐይ።
አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከዘጌ በሌሊት ሲጠፋ፣
ሙሄ የሚባል ቀዛፊ አሳፈረው፤ ሞገዱ ሲከፋ፣
የልጁ ኪስ ባዶ መሆኑን መሀል ሐይቅ ላይ ነው ያወቀው፤
አልመለሰውም። «ነገ ትከፍላለህ» ብሎ ዳር ላይ አራገፈው።
በነጋው ሙሄ የለም። ከነታንኳው። ሐይቁ ዝም።
«ከዚያ ወዲህ ያገኘሁት የሱ ነው፤ የኔ የምለው የለም።»
«ለዘመዶቹስ?» ብለው፣ «ያሻገሩኝ እነሱ ናቸው?» አለ፤
ወደ ግድግዳው ዞረና አንቀላፋ መሰለ።

ቀብሩ ቅዳሜ ነበር። ሰኞ ቢሮ ገባሁ፤ ሽታው ተቀበለኝ፤
መስኮቱን ልዘጋ እጄ ሄደ፤ ግን ያ ቃል ያዘኝ።
አዲሱን መዝገብ ገለጥኩ፤ ጽሕፈቴ ከሱ ቢያምርም፣
ያችን መስመር እጄ ጽፏት አያውቅም።

ሙሄ አወል።
ሃምሳ ሳንቲም።
ካለፈው የዞረ።