ጳጉሜን ስድስት

ለገሃር ፊት ለፊት፣ ሊፍቱ የሞተ ሕንጻ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
የጡረተኛን ዕድሜ ከፋይል ወደ ማሽን
ሳሻግር እውላለሁ፤ መስኮቴ ከሰማይ
የባቡሩን ሽቦ ብቻ እያሳየኝ።

ሥራዬ ጥያቄ ነው።
ሣጥን አለ፤ በሙያው ቋንቋ ተለዋዋጭ ይባላል።
ክዳኑ ላይ «ልደት» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ግን ጽሑፍ ምን ያውቃል?
ማር የተጻፈበት ቅል ሬት ይዞ ያድራል።
ስለዚህ በስሙ አላምን፤ አንኳኳለሁ፦
«ቀን ነህ? ሰዓት ነህ? ወይስ ቀን የመሰልክ ተራ ቃል?»
መልሱም ሁለት ብቻ፤ እውነት ወይም ሐሰት።
«እንጃ» የሚል የለም በማሽኖች ቤት።

ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን
(ማሽኑ «አሥር» ይላል፤ በስድስት ሰዓት ተለያይተን ነው የምንኖር፤
እኔ ጀንበር ስትወጣ፣ እሱ ሰው በተኛበት በውድቅት የሚቆጥር)
የወይዘሮ ዘርፈሽዋልን ፋይል ገለጥኩት።
ቲኬት ይሸጡ ነበር፣ ባቡሩ ድሬዳዋ ሲወርድ፣ በዚያ ዘመን።
ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል። የልደት መስመሩ ላይ፣ በደበዘዘ ቀለም፦
«ጳጉሜን 6 ቀን 1951 ዓ.ም.»
አስገባሁት።
ሐሰት።
እንደገና።
ሐሰት።

ዐሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል አላውቅም አለ።
አሳወቅሁት። ወሩን ተቀበለ፤
ቀኑ ላይ ግን «ጳጉሜን አምስት ናት» ብሎ ችክ አለ፤
ከእኔ በፊት የነበረው ሚልኪያስ
ሉቃስን ሳያስብ የጻፈው ደንብ ነው።

ሴትዮዋ ከኋላዬ ቆመዋል፤ አራት ፎቅ በእግር ወጥተው፣
ጉልበታቸውን በእጃቸው ይዘው።
«ምን አለህ?» አሉኝ።
ምን ይባላል? «አልተወለዱም አለኝ» ይባላል
እንዲህ ቁና ቁና ለሚተነፍስ ሰው?

«በሉቃስ ነው» አሉ፣ ዝም ስል አይተው፤ «በአራት ዓመት አንዴ።
ሩፋኤል ዝናቡን ጥሎ በሄደ በሦስተኛው ቀን።
ደሞዝ የማይከፈልባት ወር ወልዳኝ፣ ጡረታ ከየት ይምጣልኝ እንዴ?»
ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ሄደ።

ዓመቱን ለአራት አካፈልኩት፤ ሦስት ተረፈ።
ሦስት ከተረፈ ስድስተኛዋ ቀን ትኑር፤ አንድ መስመር ብቻ ተጻፈ።
ጠየቅሁት፤ ቀን ነው?
እውነት።
ስክሪኑን አዞርኩላቸው። በአመልካች ጣታቸው ነኩት፣
ቀለሙ መድረቁን እንደሚፈትን ሰው።

ቀጥሎ ሌላ ሣጥን፤ «ክፍያ የሚፈጸምበት»።
ፋይሉ ላይ ሰባት ጊዜ ተሞልቷል፣ በሰባት ሰው እጅ ጽሕፈት፤
ሰባቱም አንድ ቃል ነው፦
«ነገ»።
ማሽኑን ጠየቅሁት፤ ቀን ነው?
ሐሰት።

ይህንን አላረምኩለትም።

«እና መቼ ልምጣ?» አሉኝ፣ ነጠላቸውን ሲያጣፉ።
ያ ቃል ምላሴ ላይ መጣ፣ ለስላሳ፣ የለመደ፣
ስምንተኛ ሊሆን ከከንፈሬ ጫፉ፤
ዋጥኩት።
ከታች ባቡሩ አለፈ፤
ጠረጴዛው፣ ብርጭቆው፣ ወለሉ ሁሉ ተንዘፈዘፈ።
«ይቀመጡ» አልኳቸው። ወንበሬን ለቀቅሁ።
ፋይሉን ብብቴ ሸጉጬ ወደ ኃላፊው በር ስሄድ
የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤
አምስት ከሩብ። ምሳ ገና ነው።