የጥቅምት አልጋ

ሦስት የወላድ መዝገብ፣ በማዳበሪያ ታስሮ፣
ከመሐል ሜዳ መጣልኝ፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተቋጥሮ፤
ከላዩ ብጣሽ ወረቀት፣ በሲስተር የሻሽወርቅ ጽሑፍ፦
«ሒሳብ ታስተምራለህ አሉኝ። ይህን ቁጠርና ጻፍ።
አሥራ ሁለት አልጋ አለን፤ ሦስቱን ሊወስዱብን ነው፤
ትርፍ ነው ይላል ኃላፊው። አንተ ደግሞ እስኪ እየው።»

ደብረ ብርሃን ሌሊት ነው፤ ውርጩ መስኮቴን ያኝካል፤
ባና ተከናንቤያለሁ፤ ኮምፒውተሩ ጭኔ ላይ ትንሽ ሙቀት ይልካል።
ገጽ በገጽ ገለጥኩት፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመጡበትን፣
ሻማ የጠባበትን ገጽ፣ መብራት የጠፋበትን፣
«በቃሬዛ»፣ «በበቅሎ»፣ «በአምቡላንስ፤ ጓሳ ላይ ጉም»፣
«ሁለቱ መሬት ላይ ተኙ»፤ ይህች ቃል አንዴ አይደለችም።

ሀ ይሁን የሚመጡቱ፣ ለ ይሁን የሚወጡቱ፣
መ ደግሞ የአልጋው ብዛት፤ ይኸው ነው መሠረቱ።
ኃላፊው ልክ ነው፤ በቀን አማካዩን ዘጠኝ አገኘሁት፤
አማካይ የምትባል ወላድ ግን መዝገቡ ውስጥ አጣኋት።
አንድ ማክሰኞ አራት አሉ፤ በማግስቱ አሥራ ሰባት፤
አምስቱን የት አሳደረች? አልተጻፈም፤ መስመሩ አለቀባት።

ለሾፌሩ ለአጥናፍሰገድ ደወልኩ፦ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?»
«የትኛው ቀን?» አለኝ፤ «ጉሙን ጠይቀው፣ እሱ ያውቃል።
ሾፌር ነኝ እንጂ ነቢይ ነኝ? ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አምስት፤
አንዱማ እዚያው ተወለደ፤ ‹ጉሙ› አልነው፤ ይኸው ዕድሜው ሦስት።»
ለጉሙም ፊደል ሰጠሁት፤ ገ አልኩት፣ ልኩን ሳላውቀው፤
የማያውቁትን ሳይንቁ መቁጠር ነው፤ ሥራችን ሌላ ምን አለው?

ግራፉ ዓመቱን ሙሉ እንደ ስሙ መሐል ሜዳ፤
ጥቅምት ላይ ግን ቀጥ አለ፣ እንደ ጣርማ በር ግድግዳ።
ለምን? ብዬ ስሕተት ስፈልግ፣ ሌሊቱን ሙሉ አድሬ፣
በጣቶቼ ወደ ኋላ ዘጠኝ ወራት ቆጥሬ፣
ጥር ላይ ደርሼ ሳቅሁ፤ ብቻዬን፣ ባናዬን ጥዬ፦
ያ ሁሉ ድንኳን፣ ያ ሁሉ ሙሽራ! ምነው ዘነጋሁ ብዬ።
ጥር የሞሸረውን ሁሉ ጥቅምት አራስ ያደርጋል፤
ይህን የሰፈር አዋላጅ ታውቃለች፤ ለእኔ ቀመር አስፈልጓል።

ሰልፍ ጠባየ ክፉ ነው፤ ቀስ በቀስ አይረዝምም፤
ግማሹ አልጋ ሲያዝ ዝም፣ ሰባው ከመቶም ዝም፤
ዘጠናን ሲነካ ግን ይዘላል፤ ልጓም የለውም።
«ሁሌም ሙሉ ነው» መባል የሚያስመሰግን መስሎን፣
በሩ ላይ ቆማ የምትጠብቀዋን ማየት ተሳነን።

«ሦስቱ አይነኩ፤ ለጥቅምት ደግሞ ሁለት ይጨመሩ» ብዬ፣
ለአቶ ወንድይፍራው ጻፍኩ፣ ግራፉን ከሥሩ ስዬ።
መልሱ በአሥር ቀን መጣ፦ «ሁለቱ በጀት የላቸውም፤
ሦስቱ ለጊዜው ይቆዩ፤ ባዶ ባገኛቸው ግን ከጥቅምት አያልፉም።»

ቀመሩ ስሟን አያውቅም፤ ከየት ቀበሌ እንደምትነሣ፣
ማን ቃሬዛ እንደሚሸከም፣ ጉም የሚይዛት ጣርማ በር ይሁን ጓሳ፤
እንደምትመጣ ብቻ ያውቃል። ሌሊት፣ ሳትጠራ፣ ሳትጠበቅ፣
እንደ እግዜር እንግዳ፣ ስሙ ከራት በኋላ እንደሚጠየቅ።

ጥቅምት ሃያ ሁለት ሄድኩ። ውርጩ ሣሩን አድርቆታል፤
አሥራ አንዱ አልጋ አራስ አለው፤ አንዱ ግን ንጹሕ ተነጥፏል፣
ብርድ ልብሱ በእግር በኩል አራት ማዕዘን ታጥፏል።
አቶ ወንድይፍራው ቆመ፤ እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣
«ይኼስ?» አላት በአገጩ፣ መዝገቡን ከእጇ አንሥቶ።
ፍራሹን ደልደል አደረገች፤ ትራሱን መታ መታ፤
ቀና ሳትል፣ ሳትቸኩል፣ በዚያው በወትሮ እርጋታ፣

«እሱማ ተይዟል» አለችው። «መንገድ ላይ ናት።»