ባለዶሮዋ

በዐሥራ ሰባት ዓመቴ፣ በተውሶ ብስክሌት
ዓባይ ድልድይ ድረስ ሄድሁኝ እሑድ ዕለት፤
ሰንሰለቱ ወልቆ፣ እጄ ግራሶ ለብሶ፣
እየገፋሁ ገባሁ ጫማዬ ተበጥሶ።
«የት ነበርሽ?» አለ አባቴ። «ሩቅ!» አልሁት ኮርቼ፤
ሳቀ። ያን ቀን እራት አልበላሁም ተቆጥቼ።

ኋላ ሩቁን አየሁ። መተማ፣ በአጨዳ ወር፣
አይሱዙ ጭነት ላይ፣ ከዐሥራ ሁለት ሰው ጋር፤
ሰመራ ምግብ ቤት ሳሕን ሳጥብ ከረምሁ፣
እዚያ ውኃን በሊትር መቁጠር ተማርሁ።
የጣና ልጅ፣ ጀሪካን ይዛ ወረፋ ስትጠብቅ!
አገሬን ቢጠይቁኝ ነገርኋቸው በመሳቀቅ።

እውነቱን ካወራን ግን፣ ስመለስ የቀረኝ
የመንገድ ዳር ስም ነው፤ ደረሰኝ ነው ያለኝ።
ደጀን፣ አዋሽ፣ ሚሌ... ከመስኮት ያየሁት፣
በእንቅልፍ ያለፍሁት፣ ወርጄ ያልነካሁት።

ባለፈው ጥቅምት ነው፤ ገና ጎሕ ሳይቀድ
ከወደቡ ቆምሁ ጎርጎራ ለመሄድ።
ለምን? እንዲያው ለምንም። ሃያ ዓመት ሙሉ
ሳየው የኖርሁት ባሕር ማዶ አለው ሲሉ...
የደንገል ታንኳዎች ግንድ ተደግፈው፣
ውኃ እያንጠፈጠፉ፣ እንደ ሰው አርፈው፤
ሞተሩ ሲያጓራ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣
የከተማው መብራት አንድ በአንድ ሰመጠ።

ዘጌ ጌሾ ጫንን። ደቅ ላይ ግን ስንቆም
አንዲት ሴት መጣችብኝ፤ አላወቅኋትም።
ብብቷ ውስጥ ዶሮ፣ ገብስማ፣ አውራ፣
እግሮቹ በልጥ ገመድ የታሰሩ በጋራ።
«ደልጊ ትወርጃለሽ?» «አይ፣ እኔስ ጎርጎራ።»
«በደልጊ ያልፍ የለ! ልጄ አራስ ናት እዚያ፣
ባሏ ይጠብቅሻል ከጀልባው ማረፊያ።
አንጓች ላከች በዪው፤ ትዋብ ናት ልጄም፤
ስማቸው ነው ስሙ፤ ኮፍያ አይለየውም።»
«ስልክ አለው?» ብላት፣ «አለው፤ አይሠራም።»
አልጠየቀችኝም ማን እንደሆንሁ፣ ከየት፤
ዶሮውን አስታቀፈችኝ፣ ተመለሰች ወደ ቤት።

ያን ሁሉ አገር ስዞር፣ ሻንጣዬን ስጎትት፣
ማንም አደራ አልሰጠኝ፣ እንቁላል እንኳ አንዲት።
አሁን ጭኔ ላይ ይሞቃል፤ ልቡ ይመታል
በጣቴ ሥር፤ ዐይኑን ገልጦ ይገላምጠኛል።
ከጎኔ ያለ ዲያቆን ቆሎ በተነለት፤
ካፒቴኑ ሳይቀር ከላይ ብቅ ብሎ
«ይኼስ ትኬት ቆርጧል?» አለ ሳቅ አዝሎ።
ቁንዝላ አደርን። ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣
አውራው ቢጮኽ መንገደኛው ረገመን በአንድነት።
ማንም ስሜን ሳያውቅ «ባለዶሮዋ» ሆንሁ፤
እስከ ዛሬ ከወጡልኝ ስሞች ይሄን ወደድሁ።

ደልጊ። ወደቡ ሞልቷል፣ ኮፍያ በኮፍያ፤
«ስማቸው!» ብዬ ጮኽሁ እንደ ቅዳሜ ገበያ።
ሁለት ስማቸው መጣ። አንዱ ሚስት የለውም፤
አንዱ ሽማግሌ ነው፣ አንጓችን አያውቅም።
ጀልባው ሊነሣ ነው። ደወሉ ተደወለ፤
«ጣዪው» አለኝ አንዱ፤ ሌላው «እረጂው» አለ።
ወረድሁ። ሻንጣዬ ወደ ጎርጎራ ሄደ፤
ጀልባው ድምፁ እስኪጠፋ በውኃው ላይ ነጎደ።

እየጠየቅሁ ሄድሁ፣ በኑግ ማሳ መሐል፣
ቢጫው እስከ ትከሻ፤ ንቡ ይተራመሳል።
ከአንድ ጎጆ ውስጥ ሕፃን ሲጮኽ ሰማሁኝ፤
አውራው መለሰለት፤ ሳቄ አመለጠኝ።
ስማቸው ደጅ ተኝቷል፣ ኮፍያው ፊቱን ሸፍኖ፣
ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ፣ እንደ ግንድ ሆኖ።

ትዋብ ከመጋረጃው ወዲያ «አየሻት?» አለችኝ፤
«ከሳች? ምን ለብሳለች?» እያለች ጠየቀችኝ።
ጨነቀኝ። ዐይኔን ጨፍኜ ፈለግሁ፤
ከፊቷ ምንም የለም፤ አውራ ጣቷን አየሁ፣
በአረንጓዴ ጨርቅ የታሰረ፣ ያበጠ።
ነገርኋት። ዝም አለች። ሕፃኑ ጡቱን ዋጠ።
«አሁንም ደንገል ታጭዳለች» አለች፣ ቀስ ብላ፤
«ተዪ ብያት ነበር።» ፊቷን አዞረች ወደ ሌላ።

ጎርጎራን እስከ ዛሬ በዐይኔ አላየሁም፤
ሻንጣዬ አይቶት መጣ፤ እሱም አልነገረኝም።
አባቴ «የት ነበርሽ?» አለኝ፣ እንደ ድሮው።
«ቅርብ» አልሁት። እጄን አየ፤ «ምን ቧጨረሽ?» «ዶሮው።»